የቤት ቡታጋዝ ስቶቭ ሲመረጥ፦ የትኛው ለየትኛው ወጥ ቤት ይሻላል?

የጋዝ ስቶቭ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ምድጃው ስንት እንደሆነ፣ ላዩ መስታወት ይሁን ብረት፣ ኦቨን አለው ወይስ የለውም የሚለውን ነው። ሻጩም የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ቢሆኑም፣ ቤት ውስጥ አደጋ መድረስ አለመድረሱን የሚወስኑት ግን ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፦ እሳቱ ሳይታሰብ ቢጠፋ ጋዙ በራሱ ይዘጋል ወይ፣ ሲሊንደሩ የሚቀመጠው የት ነው፣ ከሲሊንደሩ እስከ ስቶቩ ያለው መስመር የተገናኘው በምንድን ነው። አማራጮቹን ከዚህ በታች የማነጻጽረው በእነዚህ መለኪያዎች ነው፤ የስቶቩ ውበትና የምድጃው ብዛት ከዚያ በኋላ ይታያል።

አስቀድሞ የጋዙን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ቡታጋዝ የምንለው ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ጋዞች ድብልቅ ሲሆን፣ ሲሊንደር ውስጥ በግፊት ታምቆ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲወጣ ወደ 250 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል። በዚህም የተነሳ ሲያፈተልክ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወለል ለወለል እየተሳበ ወደ ፍሳሽ ቀዳዳ፣ ወደ ቁም ሳጥን ሥር፣ በአጠቃላይ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይሰበሰባል። ከአየሩ መጠን 2 በመቶ ገደማ ሲሆን አንዲት ብልጭታ ታቀጣጥለዋለች። በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ እኛ የምናውቀው የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ክርፋት እንዲታወቅ ተብሎ የተጨመረ የድኝ ውህድ ነው። እናቶቻችን «ጋዝ» ሲሉ በፋኖስና በላምባ ምድጃ የለመዱትን ነጭ ጋዝ ማለታቸው እንደነበር ማስታወስም አይከፋም፤ ነጭ ጋዝ ሲፈስ ይታያል፣ በጨርቅም ይጠረጋል፤ ይኸኛው ግን አይታይም።

ጋዝ ወይስ ኤሌክትሪክ?

በእኛ ቤት ይህ ምርጫ አንዱን ትቶ ሌላውን የመያዝ ጉዳይ አይደለም። የእንጀራ ምጣድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው በተለመደው የቤት ስቶቭ ላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ በከተማ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይኖራል፣ የምንመርጠውም ለወጡ፣ ለሻዩና ለቡናው ብቻ ነው። ኢንዳክሽን የሚባለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከኃይሉ ከ80 በመቶ በላዩን ለድስቱ ሲያደርስ፣ በጋዝ እሳት ከግማሽ የሚበልጠው ሙቀት በድስቱ ጎንና ጎን ወጥቶ ወጥ ቤቱን ያሞቃል። ሆኖም ኢንዳክሽን የሚሠራው ማግኔት በሚይዘው ድስት ብቻ በመሆኑ ጀበናና የሸክላ ድስት አይሞቁበትም። 2,000 ዋት የሚወስድ ምድጃ 3,500 ዋት ከሚወስድ ምጣድ ጋር በአንድ ጊዜ ሲሠራ ደግሞ 25 አምፔር ያህል ይስባል፤ በቀጭን ሽቦና በማከፋፈያ ሶኬት ለሚኖር ቤት ይህ ራሱ የእሳት ምክንያት ነው። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል የሚለውን አንባቢ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ መስኮት በሌለው ወይም ከመሬት በታች ባለ ክፍል ለሚያበስል፣ ወይም ምድጃ ለኩሰው የሚረሱ አረጋውያን ባሉበት ቤት፣ ኤሌክትሪኩ ያለ ክርክር ይመረጣል። ወጥ ቤቱ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ካለውና ሲሊንደሩን ውጭ ማስቀመጥ ከተቻለ ጋዝ ጥሩ ምርጫ ነው። መስኮት ኖሮ ሲሊንደሩን ውጭ ማስቀመጥ በማይቻልበት ቤት አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለዘወትር፣ ባለ ሁለት ምድጃ ጋዝ ደግሞ መብራት ለሚጠፋበት ቀን መያዝ ከትልቅ ስቶቭ የተሻለ ነው።

እሳት ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋ ወይስ የማይዘጋ?

ከምርጫዎቹ ሁሉ አጥብቄ የምናገረው ስለዚህኛው ነው። የመጀመሪያ ስቶቬ ይህ መቆጣጠሪያ አልነበረውም። አንድ ምሽት ሽሮ ጥጄ ሳሎን ገባሁ፤ ድስቱ ክዳኑን ገፍቶ ገነፈለና እሳቱን አጠፋው፣ ጋዙ ግን መውጣቱን ቀጠለ። እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ምንም አልሸተተኝም፤ «እዚህ ይሸታል» ያለችኝ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ሥዕል ትስል የነበረችው ልጄ ናት። ጋዙ ከወጥ ቤቱ በር ሥር ወጥቶ፣ ወለል ለወለል ተስቦ፣ እኔ አፍንጫ ሳይደርስ እሷ ዘንድ ደርሷል። ወጥ ቤት ስገባ ምድጃው ዙሪያ የደረቀ ሽሮ ብቻ ነበር፤ ቁልፉ እንደተከፈተ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። መካከለኛ መጠን ያለው ምድጃ በሰዓት 125 ግራም ያህል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ከ50 እስከ 60 ሊትር ጋዝ ማለት ነው። ይህ መጠን ከአየር ጋር በሚገባ ቢቀላቀል ወደ 3 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር ተቀጣጣይ ያደርጋል፤ ወለል ላይ ሲረጋ ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ መጠበቅ ላያስፈልገው ይችላል።

መቆጣጠሪያው ቴርሞካፕል ይባላል። ከምድጃው ጥርስ አጠገብ ብቅ ያለች፣ የእርሳስ ጫፍ የምታክል የብረት ዘንግ ናት፤ እሳቱ ሲያሞቃት የምታመነጨው ጥቂት ኤሌክትሪክ የጋዙን መዝጊያ ከፍቶ ይይዘዋል፣ እሳቱ ጠፍቶ ስትቀዘቅዝ መዝጊያው በራሱ ይመለሳል። ባትሪም ሆነ መብራት አትፈልግም። ሱቅ ውስጥ ለማወቅ የምድጃውን ክዳን አንስቶ ማየት ይበቃል፦ ነጭ ሸክላ የለበሰችው ዘንግ እሳት የምትጭረው ናት፤ ከእሷ ሌላ እርቃኗን የቆመች ብረት ካለች ቴርሞካፕሏ እሷ ናት። ለእያንዳንዱ ምድጃ አንድ አንድ መኖሩን መቁጠር ይገባል፣ ለኦቨኑ ብቻ ያደረጉ ስቶቮችም አሉና። ቤት ከገባ በኋላ መስኮት ከፍቶ ምድጃውን ለኩሶ፣ ሁለት ደቂቃ አቆይቶ፣ እሳቱን በእፍታ ማጥፋትና ጆሮ መስጠት ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማና የጋዙ እስትንፋስ ይቆማል።

ይህ ዓይነቱ ስቶቭ አንድ ጠባይ አለው፤ ሲለኮስ ቁልፉን ተጭኖ ጥቂት ሰከንድ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው «ስለቀው ይጠፋል፣ ተበላሽቷል» ብሎ ባለሙያ ይጠራል፤ ያልታደለ ከሆነም መቆጣጠሪያውን የሚያስወግድለት ሰው ያገኛል። ስቶቩ በእርግጥ ቁልፉ ተይዞም ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዘንጓ በጥቀርሻ ተሸፍና ወይም ከእሳቱ ርቃ ነው፤ ትጸዳለች፣ ትስተካከላለች፣ ካልሆነም ትለወጣለች። ባለ አራት ምድጃ ያለ መቆጣጠሪያ፣ ባለ ሁለት ምድጃ ከነመቆጣጠሪያው በአንድ ዋጋ ቢቀርቡልኝ ሁለተኛውን እገዛለሁ።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ወይስ ባለ ኦቨን?

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ርካሽ ነው፣ ለማጽዳት ይመቻል፣ ከግድግዳ ሳብ ተደርጎ ጋዙን ከሲሊንደሩ የሚያመጣው ጎማ በየጊዜው ይታያል። ድክመቱ መቀመጫው ነው፤ በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ የወጥ ድስት ከተጣደበት ይገለበጣል። ጀበናም መቀመጫዋ ጠባብ ስለሆነ በሰፊው የብረት ፍርግርግ መሐል ትንሸራተታለች፤ ፍርግርጉን የሚያጠብ ትንሽ ተደራቢ ብረት መግዛት ያስፈልጋል።

ባለ ኦቨኑ ለሚጋግር ቤት ይጠቅማል፤ ድፎ ዳቦና ኬክ የማይጋገርበት ቤት ግን ኦቨኑን የድስት ማስቀመጫ እንደሚያደርገው ታዝቤአለሁ፣ ውስጡ የፕላስቲክ ዕቃ ረስቶ የሚለኩስም አይጠፋም። ኦቨን ጋዝ ሊከማችበት የሚችል ሣጥን ስለሆነ አለኳኮሱ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፦ መጀመሪያ በሩ ይከፈታል፣ እሳቱ ቶሎ ካልያዘ ቁልፉ ተዘግቶ አምስት ደቂቃ ያህል ይናፈሳል፣ ከዚያ እንደገና ይሞከራል። በክረምት ቤት ለማሞቅ በሩን ከፍቶ መተው ፈጽሞ አይገባም። ሌላው የመገልበጥ አደጋ ነው፤ ሕፃን በተከፈተው የኦቨን በር ላይ ሲወጣ ስቶቩ ከነፈላ ድስቱ ወደ ፊት ይዘነበላል። በአሜሪካ ይህን የሚከላከል፣ የስቶቩን የኋላ እግር ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር የሚይዝ ብረት ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደኅንነት መስፈርት የታዘዘ ነው። እኛ ዘንድ ብረቱ ከካርቶኑ ውስጥ ሳይወጣ ሲጣል አይቻለሁ። የመስታወት ክዳን ያላቸው ደግሞ ምድጃው ሳይበርድ ክዳኑ ከተዘጋ መስታወቱ ሊፈነዳ ይችላል።

ከውጭ ሀገር ዘመድ የሚላክ ስቶቭ

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ስቶቭ «ኦርጂናል» ስለሆነ ይመረጣል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ተስተካክለው የሚመጡት በከተማ ቧንቧ ለሚሄደው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ያኛው ሜቴን ሲሆን ከአየር ይቀላል፣ በአንድ ሊትር ጋዝ የሚሰጠው ሙቀትም ከእኛ ሲሊንደር ጋዝ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ በዚህ ምክንያት ጋዙ የሚወጣባት የነሐስ ኖዝል ቀዳዳዋ ሰፊ ናት። ይህ ስቶቭ ሳይቀየር ከሲሊንደር ጋር ሲገናኝ እሳቱ ረዝሞ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ድስት እያጠቆረ ይነዳል፤ ከጥቀርሻው ጋር የማይታየውንና የማይሸተውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ኖዝሎቹን ለሲሊንደር ጋዝ በተሠሩት መለወጥና የአየር መግቢያውን ማስተካከል ግዴታ ነው፤ በአሜሪካ ስቶቮች ላይ የኤሌክትሪክ ክፍሉ 120 ቮልት መሆኑም ይታሰብበት። መለወጫው አብሮ ካልተላከ፣ እዚህ ለሲሊንደር ተሠርቶ የሚሸጠው ተራ ስቶቭ ከውዱ ይሻላል።

በዚህ ላይ የከፍታው ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ውኃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላና ሥጋ ለማብሰል እሳቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይነዳል፣ እሳቱ የሚያገኘው ኦክስጅንም ያነሰ ነው። የትም ቦታ የተሠራ ስቶቭ ቢሆን እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ በምድጃው ጥርስ ላይ ረግቶ መቆም አለበት፤ ጫፉ ሁልጊዜ ቢጫ ከሆነ ወይም ከጥርሱ ተነጥሎ የሚዘል ከሆነ ማስተካከያ ይፈልጋል።

ሲሊንደሩ በቁም ሳጥን፣ በወለል ወይስ በበረንዳ?

በመልክ የሚመረጠው ስቶቩ ሥር ባለው ቁም ሳጥን መደበቁ ነው፤ ከሦስቱ የከፋውም እሱ ነው። ያፈተለከው ጋዝ ተዘግቶበት እሳቱ ሥር ይጠራቀማል፣ ጎማው ይታጠፋል፣ በጭንቀት ሰዓት ደግሞ የሲሊንደሩን ቁልፍ ለመዝጋት ድስትና ዘይት ማንሳት ግድ ይሆናል። ሌላ ቦታ ከሌለ የቁም ሳጥኑ ግርጌ ወደ ውጭ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል።

ወለል ላይ በግልጥ ማስቀመጥ ከዚህ ይሻላል፤ ይታያል፣ እጅም ይደርስበታል። ነገር ግን ከምድጃው አንድ ሜትር ያህል ራቅ ማለት አለበት፣ ከማቀዝቀዣም አጠገብ አይቀመጥም፤ ማቀዝቀዣ በተነሣና በቆመ ቁጥር ብልጭታ ሊያወጣ የሚችል መቆጣጠሪያ አለው። ሰው ብዙም የማያነሳው አንድ ነገር ልጨምር፦ ቡና የምናፈላበት የከሰል ምድጃ የሚቀመጠው ወለል ላይ ነው፣ ማለትም ጋዙ በሚረጋበት ከፍታ ላይ። ዕጣኑና የሚቆላው ቡና ደግሞ የጋዙን ሽታ ይሸፍኑታል። ስለዚህ ሲሊንደር ወጥ ቤት ወለል ላይ ያለበት ቤት ቡናውን ሌላ ክፍል ቢያፈላ መልካም ነው።

የተሻለው ውጭ ነው፤ ሆኖም «ውጭ» ምን እንደሆነ መጠንቀቅ ያሻል። በብዙ ኮንዶሚኒየም በረንዳው በመስታወት ተዘግቶ ትርፍ ክፍል ሆኗል፤ እንዲህ ያለው በረንዳ ከታች የአየር መውጫ ካልተተወለት ክፍል ነው እንጂ ውጭ አይደለም። የደረጃ ሥርና የጋራ መተላለፊያም አይሆኑም፤ እሳት ቢነሳ መውጫው እሱ ነውና። በረንዳው ላይ የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ካለ ሲሊንደሩ ከእሱ ይራቅ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አያግኘው፣ ስርቆት የሚያሳስብ ከሆነ በወንፊት ብረት አጥር ይታጠርለት እንጂ በተደፈነ ሣጥን አይቆለፍበት። ግድግዳውን የሚያቋርጠው መስመር በባለሙያ የተዘረጋ የብረት ወይም የመዳብ ቧንቧ ይሁን፤ ጎማ በግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ከሾለከ የተሰነጠቀበት ቦታ አይታይም። ወጥ ቤት ውስጥም እጅ የሚደርስበት ሁለተኛ መዝጊያ ይደረግ። የትም ቢቀመጥ ሲሊንደር ይቆማል እንጂ አይጋደምም፤ ከተጋደመ በጋዝ ፈንታ ፈሳሹ ግፊቱን ወደሚያበርደው ሬጉሌተር ይገባና እሳቱ ድንገት ይንቦገቦጋል። ያለቀ የሚመስለው ሲሊንደርም ውስጡ ጋዝ ስለሚቀር ቁልፉ ተዘግቶ ነው የሚቀመጠው።

ጎማና ሬጉሌተር

የቤት ስቶቭ የሚሠራው በ30 ሚሊባር ገደማ በሚሆን ዝቅተኛ ግፊት ሲሆን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግን ከመቶ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ይህን የሚያበርደው ሬጉሌተሩ ነው። ለምግብ ቤት ትልልቅ ምድጃ የሚሆነው፣ ግፊቱ በእጅ የሚጨመርና የሚቀነስ ሬጉሌተር እሳቱን «ኃይለኛ» ስለሚያደርግ ለቤት የሚገዛው አለ፤ ይህ ስህተት ነው፣ የቤት ስቶቭ ቁልፎችና መገጣጠሚያዎች ለዚያ ግፊት አልተሠሩም።

ጎማውን በተመለከተ፣ ለጋዝ መሆኑና የተሠራበት ዓመት የታተመበት ይመረጣል። የውኃ ጎማ፣ በተለይም ብርሃን የሚያሳልፈው ፕላስቲክ፣ ጋዙ እያደረቀው ይሰነጠቃል። የሽቦ ጥልፍ የለበሰው ከጎማው ይበልጥ ጠንካራ ቢሆንም በየዕቃ መደብሩ ለእጅ መታጠቢያ የሚሸጠው የውኃ ቱቦ እሱን ስለሚመስል «ለጋዝ ነው ወይ?» ብሎ ጠይቆ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። ጎማው ከአንድ ሜትር ተኩል አይብለጥ፣ ከኦቨኑ ጀርባ አይለፍ፣ ሁለቱም ጫፎቹ በፋሼታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት) ይጠበቁ፤ በሽቦ ማሰር ጎማውን ይቆርጠዋል። አምስት ዓመት ሲሞላው ደኅና ቢመስልም ይለወጥ፤ አጥፎ ሲያዩት ስንጥቅ ካወጣ ግን ዓመት አይጠበቅም።

አየር፣ ማንቂያና የመጀመሪያው ቀን

ከስቶቩ በላይ የሚሰቀል ጭስ መሳቢያ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በቧንቧ ወደ ውጭ ያወጣል፣ ሌላው በማጣሪያ አሳልፎ ያንኑ አየር ይመልሳል። ሁለተኛው የቁሌቱን ቅባት ይይዝ ይሆናል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስወግድም፤ ካለው መስኮት መክፈት አይቀርም። የማንቂያ መሣሪያ ሲገዛም የትኛው ለምን እንደሆነ ይለይ። የሲሊንደር ጋዝን የሚያነፈንፈው ከወለል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ይሆናል። የመጀመሪያውን ጣሪያ ሥር የሰቀለ ሰው ገንዘቡን ነው የሰቀለው።

ሽታ ከተሰማ መብራት አይበራም፣ የበራውም አይጠፋም፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ የሚወጣው ብልጭታ ይበቃልና። የሲሊንደሩ ቁልፍ ይዘጋል፣ በርና መስኮት ይከፈታል፣ ቤተሰቡ ይወጣል፣ ስልክ የሚደወለውም ውጭ ከወጡ በኋላ ነው፤ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው።

አዲስ ስቶቭ ሲገጠምና ሲሊንደር በተለወጠ ቁጥር የሚደረገው ፍተሻ ከዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ከአንድ ስፖንጅ በላይ አይጠይቅም። የስቶቩ ቁልፎች ሁሉ ተዘግተው የሲሊንደሩ ይከፈታል፣ የተበጠበጠው ሳሙና በቫልቩ አንገት፣ በሬጉሌተሩ ዙሪያና በጎማው ሁለት ጫፎች ላይ ይቀባል፣ ከዚያ ዝም ብሎ አንድ ደቂቃ ይታያል። የሚያፈተልክ ከሆነ መጀመሪያ እንደ ስፌት መርፌ ጫፍ ያለች አረፋ ትወጣለች፣ ቀስ እያለችም ትነፋለች። ባለፈው ሲሊንደር ያመጣልኝ ልጅ ገጥሞ ሲጨርስ ላይተሩን ከኪሱ አውጥቶ መገጣጠሚያውን በእሳት ሊፈትሽ ጎንበስ አለ። እጁን ይዤ ላይተሩን ተቀበልኩትና ስፖንጁን ሰጠሁት፤ ሬጉሌተሩ ሥር አረፋ ስናይ ቫልቩ ውስጥ ያለችውን የተበላች የጎማ ቀለበት ራሱ ሄዶ ለውጦ መጣ።